ዘሪውን ፍለጋ የተደረገ ጉዞ

የአንድ ሰው የእጅ ሥራ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ሲበቅል ሥሩን ማየት አይቻልም፤ ፍሬው ብቻ በጊዜው ይታያል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ልጃችን ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን ከዚህ በታች የምንተርከውን የጉዞ ወሬ ታግሠው እንዲያነቡልን እንለምናለን፤ ልጆች ያሏቸው ወላጆችም ምናልባት የራሳቸውን ቤት ያዩበት ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ነው። በፓሪስ ከተማ የምትኖረው እኅታችን በየዓመቱ ባለሥዕል ቀን መቍጠሪያ ትልክልን ነበርና፥ በአንደኛው ወር ላይ ዘር የሚዘራ ገበሬ ይታይ ነበር። ከገበሬው በስተ ኋላ ትልቅ ቢጫ ፀሐይ፥ ከፊቱም ዘንበል ያለ ዛፍ አለ፤ የታረሰው መሬት ሐምራዊ መስሎ ይታያል። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። ወሩ አለፈ፤ የ12 ዓመቷ ልጃችን ግን ወረቀቱ እንዳይገለበጥ ከለከለች። ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቍጥር ከግድግዳው ፊት ተቀምጣ ያንን ዘሪ በእርሳስ ትሥል ጀመር። አንድ ጊዜ ሣለችው፤ ሁለት ጊዜ ሣለችው፤ ዐሥራ አራት እስኪሞላ ድረስ ቈጠርን። የሒሳብ ደብተሯ የኋላ ገጾች ሁሉ በዘሪዎች ተሞሉ።

በመጨረሻ ተቈጣናት። «የሰው ሥራ መገልበጥ ሥራ አይባልም፤ የራስሽን ሥሪ» አልናት። ይህ ቃል ከአፋችን ሲወጣ ድምፁ የኛ አለመሆኑ ተሰማን። እኛም በልጅነታችን ሥዕል እንወድ ነበር፤ ካገኘነው መጽሐፍ ሁሉ እየገለበጥን እንሥል ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህር ወረቀታችንን ከፍ አድርጎ ለተማሪዎቹ ካሳየ በኋላ ይህንኑ ቃል ተናገረን፤ ልጆቹም ሳቁብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሩሽ በእጃችን አልያዝንም። እነሆ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክመን የቈየነውን ድንጋይ አሁን በልጃችን ላይ ወረወርነው።

ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። «አባዬ፥ እሱስ ይህን ሰውዬ ከማን አየው?» ስትል ጠየቀችን። «ከማን ያየዋል፤ ከእርሻ ላይ ነዋ!» ብለን መለስንላት። መልሳችን የተሳሳተ መሆኑን ያወቅነው ባለፈው ክረምት፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኅታችንን ለመጠየቅ ፓሪስ በሄድን ጊዜ ነው።

በሴን ወንዝ ዳር ኦርሴ የሚባል ትልቅ የሥዕል ሙዚየም አለ። ቤቱ በመጀመሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት የተመረቀ የምድር ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1986 ነው። (ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ልጃችን የቫን ጎግን ሥራዎች ለማየት ከሁላችንም ቀድማ ስትሮጥ ቈይታ በአንድ ሥዕል ፊት ድንገት ቆመች። በእኩለ ቀን ፀሐይ በክምር ጥላ ሥር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተኝተዋል። ወንዱ ጫማውን አውልቆ ባርኔጣውን በፊቱ ላይ ደፍቷል፤ በአጠገቡ ሁለት ማጭዶች ተቀምጠዋል። የገለባው ቢጫ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ሰማዩና የሰዎቹ ልብስ ሰማያዊ ነው። ከሥዕሉ አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ግን፥ ይህ ሥዕል ሚዬ ከተባለ ሌላ ሠዓሊ ሥራ የተወሰደ ነው የሚል ቃል ነበረበት። እኅታችን ተርጕማ ስታነብላት ልጅቱ፥ «አባዬ፥ እሱም ይገለብጣል!» ብላ ስለ ጮኸች በአዳራሹ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዘወር ብለው አዩን። እኛም አፈርን፤ ያሳፈረን ግን ጩኸቷ አልነበረም።

የሚዬም ሥራዎች በዚያው ሙዚየም ይገኛሉ። በ1857 የተሣለው «ቃራሚዎች» የተባለው ሥዕል እህሉ ከታጨደ በኋላ ሦስት ድኾች ሴቶች ጐንበስ ብለው የወደቀ ዛላ ሲለቅሙ ያሳያል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ትልቅ ሥዕል የሚገባው ለነገሥታትና ለጦር አዛዦች ነው ይባል ስለ ነበር፥ ለቃራሚ ሴቶች ይህን ያህል ክብር መስጠቱ ብዙ ሰዎችን አስቈጥቶ ነበር። ሁለተኛው ሥዕል የማታ ደወል በተሰማ ጊዜ ባልና ሚስት የድንች ቍፋሯቸውን አቁመው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ ያሳያል። ሚዬ ይህን ሐሳብ ያገኘው ከአያቱ ነው፤ በልጅነቱ በእርሻ ሳሉ ደወል በተሰማ ቍጥር አያቱ ሥራ አስቁመው ለሙታን ያስጸልዩአቸው ነበርና።

ልጃችን ከዚህ በኋላ ዕረፍት ነሣችን። «የሚዬን አገር ካላየሁ» አለች። ከፓሪስ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባርቢዞን የሚባል መንደር ስላለ ወደዚያ ወሰድናት። መንደሩ ከፎንቴንብሎ ደን ጥግ የተቀመጠ ሲሆን ከአንድ ረዥም መንገድ የበለጠ ነገር የለውም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የድንጋይ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ በየግድግዳውም በዚያ ከኖሩት ሠዓልያን ሥራዎች የተወሰዱ ሥዕሎች በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር ተሠርተው ይታያሉ። ዣን ፍራንሷ ሚዬ በ1814 በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ እርሱም ራሱ በወጣትነቱ አርሷል፥ አጭዷል። በ1849 ኮሌራ በፓሪስ በገባ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ባርቢዞን መጣ፤ በ1875 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ኖረ። ዘጠኝ ልጆች ስለ ነበሩት ችግር ከቤቱ አይጠፋም ነበር። ጧት የአትክልቱን ቦታ ይቈፍርና ከቀትር በኋላ ወደ ሥዕሉ ይመለሳል። ይሠራበት የነበረው ቤት ዛሬ ለጐብኚዎች ክፍት ነው፤ ትንሽና ዝቅ ያለ ቤት ነው።

ከመንደሩ ወጥተን በሻይ ወደሚባለው ቀበሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ ቆምን። እህሉ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሜዳው ሰፊ፥ ሰማዩም ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ሰው በመካከሉ ቢቆም ብቻውን ጐልቶ ይታያል። ሚዬ ገበሬውን እንደ ሐውልት አድርጎ የሣለበት ምክንያት በዚያ ሥፍራ ግልጽ ሆነልን። ከርሱ ሥራዎች ሁሉ ስሙን በዓለም ያስነሣው በ1850 ያሳየው «ዘሪው» የተባለው ሥዕል ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ይገኛል። አንድ ገበሬ የዘር ከረጢቱን አንግቶ በሰፊ እርምጃ ቍልቍለቱን እየወረደ ዘር ይበትናል። እንግዲህ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዘሪ አባቱ ይህ ነበር።

ከባርቢዞን በተመለስን በሦስተኛው ቀን ቫን ጎግ የሚዬን ሥራ ወደ ገለበጠበት ሥፍራ ለመሄድ በባቡር ተሳፈርን። መንገዱ ከፓሪስ እስከ አቪኞን ከተማ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የልጅቱ አክስት ቪንሰንት ለወንድሙ ለቴዎ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች የያዘውን መጽሐፍ አውጥታ እየተረጐመች አነበበችልን። ቪንሰንት ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በፓሪስ በአንድ የሥዕል ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሚዬ በሞተበት በ1875 ሥዕሎቹ ለሐራጅ በቀረቡ ጊዜ ወደ አዳራሹ ገብቶ አያቸው፤ ለወንድሙም ሲጽፍ፥ ልክ ለሙሴ በሐመልማሉ ፊት እንደ ተነገረው፥ የቆመበት መሬት የተቀደሰ ስለ ሆነ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘ ያህል እንደ ተሰማው ገለጠለት። ይህን ስትሰማ ልጃችን ዝቅ ብላ እግሯን አየች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ ማውለቅን ለለመድን ለኛ ይህ ቃል ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከዚያም ቪንሰንት ከሥራው ተሰናበተ፤ መምህርም፥ ወንጌል ሰባኪም ለመሆን ሞከረ፤ አንዱም አልሆነለትም። በ1880 የ27 ዓመት ሰው ሲሆን በቤልጅግ አገር በከሰል ማዕድን ሠራተኞች መካከል በችግር ይኖር ነበር። ሠዓሊ ለመሆን የቈረጠው በዚያን ጊዜ ነው። ወንድሙ የሚዬን ሥራዎች በወረቀት የታተሙ ቅጂዎች እንዲልክለት ለመነው፤ እነርሱን ከፊቱ አስቀምጦ ይገለብጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ «ዘሪውን» አምስት ጊዜ እንደ ሣለውና ልቡ በዚያ ሰው ስለ ተያዘ እንደ ገና ሊጀምረው እንደሚያስብ ይናገራል። ልጃችን ይህን ስትሰማ ወደኛ ዞራ፥ «እኔ በዘጠኝ እበልጠዋለሁ» አለች። ከሁለት ዓመት በኋላም የሚዬ የሕይወት ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ በእጁ በገባ ጊዜ ሌሊት እየነቃ መብራት አብርቶ ያነብ ነበር። ቀን የሥዕል ጊዜው ስለ ሆነ ለንባብ አይተርፈውም ነበርና።

ከአቪኞን 20 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄደን ሴን ሬሚ ደረስን። ከከተማው ወጣ ብሎ፥ አልፒ ከሚባሉት ነጫጭ የድንጋይ ተራሮች ሥር፥ ብዙ ዘመናት ያስቈጠረ ገዳም አለ፤ የአእምሮ ሕመምተኞች መታከሚያ ከሆነ ቈይቷል፤ ዛሬም አንዱ ክፍሉ ለዚሁ አገልግሎት ይውላል። ቪንሰንት ሕመሙ ስለ ጸናበት በራሱ ፈቃድ በግንቦት 1889 ወደዚህ ገባ፤ አንድ ዓመት ያህልም ኖረበት። በደረጃ ወጥተን ለመታሰቢያ እንደ ጥንቱ የተዘጋጀውን ክፍል አየን። አንድ የብረት አልጋ፥ አንድ ወንበር፥ የብረት ዘንግ የተጋረደበት አንድ መስኮት አለ። በገዳሙ ዙሪያ የወይራ ዛፍ፥ ጥቁር አረንጓዴ ጽድና ሐምራዊ አበባ ያለው ላቬንደር ይታያል። ቪንሰንት በመስኮቱ አሻግሮ በግንብ የታጠረ የስንዴ እርሻ ያይ ነበር።

በ1889 ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ሕመሙ ስለ ተነሣበት ለብዙ ቀን ከቤት አልወጣም። ገበሬዎቹን ለማየት ቢፈልግም ወደ እርሻው መሄድ አልቻለም። ያን ጊዜ የልጅነት ፍቅሩን አስታወሰ። ቴዎ የላከለትን የሚዬን «የእርሻ ሥራዎች» የተባሉትን ዐሥር ትንንሽ ሥዕሎች አወጣ። ከዐሥሩም ሰባቱን በመስከረም ወር ሣላቸው፤ ቀጥሎም ሌሎችን ጨመረ፤ በዚያ ቤት ሳለ ከሚዬ የወሰዳቸው ሥዕሎች 20 ያህል ይሆናሉ።

አሁን ዋናውን ነገር አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንወዳለን። ወንድሙ የላከለት ቅጂ በእንጨት ተቀርጾ በጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ የታተመ ነበር፤ ቀለም የለውም። ጐንበስ ያለው ጀርባ፥ የተዘረጋው እጅ፥ የሰፋው እርምጃ የሚዬ ናቸው፤ የገለባውን ቢጫ፥ የሰማዩን ሰማያዊ፥ የጥላውን ሐምራዊ ግን ቪንሰንት ከራሱ ማውጣት ነበረበት። ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፥ ሥራው ተራ ግልበጣ ሳይሆን ከጥቁርና ነጭ ቋንቋ ወደ ቀለም ቋንቋ መተርጐም እንደ ሆነ ተናግሯል። ደግሞም የቤትሆቨንን ዜማ የሚጫወት ሙዚቀኛ የራሱን ስሜት ጨምሮ ቢጫወተው ማንም አይነቅፈውም፤ ሠዓሊስ እንዲህ ቢያደርግ ስለ ምን ይነቀፋል? የሚል አሳብ አለው። እኛም በዚያች ጠባብ ክፍል ቆመን ይህን ስናስብ፥ ያ መምህር ወረቀታችንን ከፍ አድርጎ ባሳየ ጊዜ በላዩ የቀባነውን ቀለም አይቶት ይሆን? ስንል ራሳችንን ጠየቅን። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የኛ ግን ቀይ ፈረስ ነበረው።

ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ ቤተ ሰብ ያለውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነው። በዚያው ዓመት የቴዎ ሚስት ዮሐና አርግዛ ነበር። ቪንሰንት በጥር 1890 «የመጀመሪያ እርምጃዎች» የተባለውን የሚዬን ሥራ ከፎቶግራፍ አይቶ ሣለው። አንድ ገበሬ መሣሪያውን በመሬት ጥሎ ተንበርክኳል፤ ሁለት እጆቹንም ዘርግቷል። ከፊት ለፊቱ እናቲቱ ሕፃኗን ደግፋ ይዛ ወደ አባቷ ልትለቃት ነው። ይህ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርክ ይገኛል። በዚያው ወር መጨረሻ ለቴዎ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ስሙም በአጎቱ ስም ቪንሰንት ተባለ። አጎትየውም ለሕፃኑ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ያበበ የለውዝ ቅርንጫፍ ሣለለት፤ ይህን ግን ከማንም አልገለበጠውም።

የምንጽፈው እውነቱን ስለ ሆነ ኀዘኑን አንሸሽግም። የሥዕል ፍቅር ቪንሰንትን ከሕመሙ አላዳነውም፤ ከሴን ሬሚ በወጣ በሦስተኛው ወር፥ ሐምሌ 29 ቀን 1890 በ37 ዓመቱ ሞተ። ስድስት ወር ሳይሞላ ቴዎም ተከተለው። ሥዕሎቹና ደብዳቤዎቹ ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከያዘችው ከዮሐና እጅ ቀሩ። እርስዋ ሥዕሎቹን ጠብቃ ለሕዝብ አሳየች፤ ደብዳቤዎቹንም በ1914 አሳተመች። የለውዝ አበባ የተሣለለት ሕፃንም አድጎና ሸምግሎ፥ ከቤተ ሰቡ እጅ የቀሩት ሥራዎች በ1973 በአምስተርዳም በተከፈተው ሙዚየም እንዲሰበሰቡ አደረገ። አንድ ሰው የወደደውን እንዲሠራ አንድ ቤተ ሰብ እንዴት እንደ ደከመ ከዚህ ይታያል፤ ቀለሙን የሚገዛለትም፥ የሚዬን ቅጂ የሚልክለትም ቴዎ ነበር። እኛ ደግሞ የልጃችንን ደብተር ለመንጠቅ እጃችንን ዘርግተን ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ልጃችን ቀን መቍጠሪያውን ራሷ ከግድግዳው አወረደችው። ነገሩ ተፈጸመ ብለን ስናስብ፥ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የሟቹን የአባታችንን ፎቶግራፍ አምጥታ በቦታው ሰቀለችው። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አባታችን በአውድማ ላይ መንሽ ይዘው ቆመው፥ ከበስተ ኋላቸው በሬዎች እህሉን ሲያበራዩ ይታያል። ልጅቱ አያቷን በሕይወት አላየቻቸውም። እርሳሷን ይዛ ትጠይቀን ጀመር። «አባዬ፥ የአያቴ ቁምጣ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? በሬዎቹስ? የአውድማው አፈር ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?»

መልሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት እንደሌለ ያን ጊዜ ተገነዘብን። በሬዎቹ አንዱ ቡሬ፥ አንዱ ቀይ እንደ ነበሩ፥ ቁምጣው ከመታጠቡ ብዛት የገለባ መልክ እንደ ያዘ፥ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ አረንጓዴ ወደ አመድማ እንደሚለወጥ ነገርናት። የማታውን ሰማይ ግን በቃል ልንገልጥላት አልቻልንም። ዝም ብላ ቡሩሹን ሰጠችን።

እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ የሣልነውም ሰማይ አላማረም። ባለቤታችን አይታ፥ ዝናብ የያዘ ይመስላል ብላ ሳቀችብን። እኛም አብረን ሳቅን። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ወረቀት ገዝተን እንደ ገና ጀመርን፤ እስካሁን ሰባተኛው ላይ ደርሰናል። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የአንድን ሰው ሥራ ወድዶ አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ብታዩት ለመቈጣት አትቸኵሉ። ወረቀቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ በዋናው ላይ ያልነበረ ቀለም በአንድ ጥግ ታገኙ ይሆናል።